ቀጥ ያለ መስመር

«ወላሂ ፕሮፌሰር፣ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ!» አለች ኢንቲሳር፣ ገና ከቤተ ሙከራው በር ሳያልፍ ኮምፒውተሩን እያዞረችለት።

ፕሮፌሰር ሙንዚር መጀመሪያ ወንበር ፈለገ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ወገቡን ቀጥቅጦት ነበር። ከዚያ መነጽሩን ጠርጎ አየ። ኮባልት የተጨመረበት ስስ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ምንም ሳይቀዘቅዝ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ማግኔት ሆኗል። የኤሌክትሮንን ሽክርክሪት ለመረጃ መያዣ የሚያበቃ ሴሚኮንዳክተር፤ ስፒንትሮኒክስ በሚሉት ዘርፍ ጉልበቱን የጨረሰበት ፍለጋ ይኸው ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣም።

«አባቴ ሐርቡ ላይ ላገሩ ሁሉ አውርቷል» አለች የዶክትሬት ተማሪዋ እየሳቀች። «ለምርቃትሽ ሰንጋ አርዳለሁ ይላል።»

ይህን እያለች ሌላ የናሙና ቁራጭ ከሳጥኑ አነሳች። ሙንዚር እጇን አየ። የያዘችው የብረት ወረንጦ ነው።

«የለካሻቸውን ሁሉ በዚህ ነው ያነሳሻቸው?»

«አዎ፣ የፕላስቲኩ ስለተሰበረ…» ወረንጦውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ዝም ቢል ይችል ነበር። ሊያሳትሙት ያሰቡት ጽሑፍ አልቋል፤ ጡረታውም ደጅ ላይ ነው። በወረንጦ ጫፍ በተፋቀች የብረት ብናኝ ስንት የሐሰት ማግኔት እንደተገኘ፣ ስንት ስም እንደወደቀ ግን ያውቃል። ቢያውቅም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጥምዝ አንድ ጊዜ ደግሞ አየው።

«ያልተነካ ቁራጭ አምጪ። በወረቀት እየገፋሽ አስገቢው።»

መሣሪያው ሲያጉረመርም ቆየ። ቀድሞ ማግኔት መሆኑን ያሳየው፣ ሆዱ ክፍት የሆነው ጥምዝ አልመጣም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ተኛ።

ኢንቲሳር ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። «ፕሮፌሰር… ከእኔና ከእርስዎ በቀር ያየ የለም» አለች።

አልተቆጣትም። እሱም ያንኑ አስቦ ነበርና።

«ለአባትሽ እኔ ልደውልላቸው?» አላት።

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፤ ስልኳን ይዛ ወጣች። በመስኮቱ ሲያያት ትንሽ ተናገረች፤ ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ብዙ ቆመች። ከታች ካለው መስጊድ አዛን ተሰማ።

«ምን አሉ?» አለ ስትመለስ።

«‹ሰንጋው ይቆየን› አለ።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «የቀሩትንም እንለካቸው? ሲመሽ ግን ወደ ደሴ መኪና ላያገኙ ይችላሉ።»

የቀሩትም ቀጥ ብለው እንደሚተኙ ልቡ ነግሮታል።

«እንለካቸው» አለና ወንበሩን ከወንበሯ አጠገብ አስጠጋ።