ተመላሽ ለጋሾች

እኔ መናፍስት ምናምን በሚባል ነገር አላምንም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የሞተች ልጅ ድምፅ ስሰማ የከረምኩት ግን እኔው ነኝ። ያውም በገዛ መሥሪያ ቤቴ ስፒከር።

ድርጅታችን የልብ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ያሳክማል። ትንሽ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር፣ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ በር። የእኔ ሥራ በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ሰው ድረ ገጻችንን ከፍቶ "ለግሱ" የምትለዋን ቀይ ቁልፍ እንዲጫን፣ ከተጫነም በኋላ ሳይሰለች እስከ መጨረሻው እንዲከፍል አደርጋለሁ። ወሬው ቀላል ነው። የልጅ ፎቶ አይቶ፣ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ ስልኩን ኪሱ የሚከተውን ሰው ብዛት ብታዩ ግን ፀጉራችሁን ትነጩ ነበር።

አንድ ሰሞን ገቢያችን አሽቆለቆለ። ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበንና "አንዴ የሰጠ ሰው ለምንድነው የማይመለሰው?" አለ። መልስ ያመጣው ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባልደረባችን ነው። ሽቦ እንለዋለን፤ ቀጭንም ስለሆነ፣ ሲነኩት ስለሚነዝርም። ለሰጠ ሰው ደረቅ የጽሑፍ ምስጋና ከምንልክ የታካሚ ልጅ ድምፅ በስልኩ ይድረሰው አለ። ሦስት ልጆች እንቅዳ፣ ሲስተሙ እያፈራረቀ ይላክ፣ የትኛው ድምፅ ሰዉን እንደሚመልሰው ራሱ እያየ ያንን ያብዛ። ሁላችንም ወደድነው።

ከሦስቱ አንዷ ሚጢ ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ምላሷ ግን ምላጭ። ሽቦ ማይኩን ሲያስጠጋላት "ሊበላኝ ነው?" ብላ አሳቀችን። ከዚያ ኮስተር አለችና "አመሰግናለሁ እሺ። ስድን እሮጥና እቀድማችኋለሁ" አለች። ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ትንፋሽ አጠራትና አየር ስትስብ ተቀዳ። ሽቦ "እዚህ ጋ ልቁረጠው?" ሲል ጋሼ "ተወው፣ የእውነት ነው" አለ።

ሽቦ ደስ ሲለው ልክ የለውም። ስጦታ በገባ ቁጥር የተላከው ድምፅ በቢሮው ስፒከርም እንዲሰማ አደረገው። መጀመሪያ ላይ እናጨበጭብ ነበር።

ሚጢ የቀዶ ሕክምና ተራዋ ሳይደርስ አረፈች። ቀብር ሄድን፣ አለቀስን፣ ተመለስን። "ድምፁን ከሲስተሙ እናውጣው" አልኩ፤ ጋሼም እሺ ብሎ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ሪፖርቱ ወጣ። ከሚጢ ድምፅ በኋላ የገባው ተመላሽ ስጦታ የሁለቱን ልጆች ደምሮ ያስከነዳል። በየቀኑ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ደጋግሞ ይመጣል።

"ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ" አለ ጋሼ። "ይህን ዘግቼ እናቶቻቸውን ምን ብዬ ላያቸው ነው?"

"ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ሞታለች።"

"አመሰግናለሁ ብላለች። አላስዋሸናትም።"

ደሜ ፈላ። ግን ምን ልበለው? እኔም ያንን ሪፖርት ሳየው መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ደብዳቤ ስጽፍ "አመሰግናለሁ እሺ" ትላለች። ስልክ ሳነሳ ከጀርባዬ ትስቃለች። ስብሰባ ላይ ጋሼ አፉን ሲከፍት ያቺ ትንፋሿ እስ ትልና ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻዬን አልገባም አለች። ስፒከሩን ለምን አላጠፋችሁትም ትሉኝ ይሆናል፤ እጁን ለመስደድ የደፈረ አልነበረም፣ ደግመን የምንቀብራት እየመሰለን። አንድ ቀን ሽቦን "እባክህ ቀንሰው" አልኩት። ቀነሰው። ይብስ ሆነ፤ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀች ይመስል ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሼ እየፈነደቀ መጣና "ከተመላሾቹ አንዱን ደውለሽ አናግሪልኝ" አለ። "ምን እንደመለሳቸው በራሳቸው አፍ ይናገሩና ድረ ገጹ ላይ እናወጣዋለን፤ ሌላውም ይከተላል።" የከፋዮቹን ስልክ ከፈትኩ። ገጻችን ላይ "ስሜ አይገለጽ" የሚል ምርጫ አለ፤ ተመላሾቹ ከሞላ ጎደል እሱን የመረጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፍኩ። ካልተነሳልኝ ብዬ ተጠባባቂ እንዲሆነኝ ሁለተኛውን ስወስድ ያው ቁጥር ነው። ሦስተኛውም። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ ያው ነው። ለካ ሪፖርታችን የሚቆጥረው ስጦታውን እንጂ ሰጪውን አልነበረም! ብዙ ሰው ነው ብለን ያጨበጨብንለት አንድ ሰው ነው።

ደወልኩ። "ከልብ ሕሙማን ልጆች ድርጅት ነው" ከማለቴ፣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "ምነው እህቴ፣ ልታቋርጡት ነው?" አለችኝ።

ድምፅዋን ለየሁት። የሚጢ እናት ናት። 

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዲት ክፍል አለቻት፤ ትኖርባታለች፣ ትሠራባታለች። የተቀደደ ቀሚስ በእጇ ትጠቅማለች። በመስኮቱ በኩል ወለሉ ላይ አራት ክብ ምልክቶች ይታያሉ፤ ትልቁ የስፌት መኪናዋ ቆሞ የነበረበት ነው። ሸጣዋለች። የቀረቻት ትንሿ መኪና በአንሶላ ተጠቅልላ በሩ ሥር ተቀምጣለች።

"እሷንም?" አልኳት።

"ነገ ጠዋት የሚወስዳት ሰው አለ።"

"ከዚያ በኋላ በምን ልትኖሪ ነው?"

መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ሰካችው። 

ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ። ከሐዘኑ በኋላ ለሌላ እናት ልጅ ይሁን ብላ ከእጇ ያለውን ትንሽ ገንዘብ በስልኳ ላከች። ድምፁ ስልኳ ላይ እንደሚመጣ ማን ነግሯት! እኛ ሁላችንም የልጇ ቀብር ላይ ቆመናል፤ ይህን የነገራት ግን የለም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ልጇ ስቃ ጠበቀቻት።

 የመጣሁበትን ነገር ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ድምፁን በስልክ ሚሞሪ ካርድ ቀድቼላታለሁ። "ይኸው የኔ እናት፣ ያንቺ ነው። እንደፈለግሽ ስሚው፣ ክፍያ የለውም። ከእንግዲህ እንዳትልኪ።"

አየችው እንጂ አልነካችውም።

"ካልሰጠኋት ለምን ታመሰግነኛለች?"

ካርዱን ወደ እሷ አስጠጋሁት።

"በሕይወት እያለች የለመንኩት፣ የሰፋሁት፣ የተበደርኩት አልደረሰላትም" አለች። "አሁን ገንዘብ ስልክ 'አመሰግናለሁ' ትለኛለች። 'ስድን' ትለኛለች እህቴ። ሰምተሻታል? 'ስድን' ነው የምትለው። ዛሬ ባልልክ፣ እኔ ነኝ የተውኳት።"

ለክርክር የመጣሁት ሴትዮ አብሬያት ማልቀስ ጀመርኩ። ወደ በሩ ስሄድ እጄን ያዘችኝ። "አጥፊው ልልሽ አልችልም፤ እናት ነኝ፣ ከአፌ አይወጣም። የምታደርጊውን ግን ሳትነግሪኝ አድርጊው።"

ቢሮ ስመለስ ጋሼና ሽቦ አልወጡም ነበር። ያየሁትን ነግሬያቸው ቁጥሩን አሳየኋቸው። ጋሼ ማውሱን ይዞ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ።

"ሁሉም እሷ ናት?"

"ሁሉም ማለት ይቻላል።"

"ብዙ ተመላሽ አለን ብዬ ለቦርዱ ነግሬያለሁ እኮ" አለ፤ ሲናገረው ራሱ አፈረ። "የሸጠችውን መኪና እንመልስላት። ከየኪሳችን አዋጥተን፣ ቦርዱ ሳይሰማም ቢሆን። ድምፁን አጥፉት።"

ሽቦ ኪቦርዱ ላይ እጁን አድርጎ ቀረ። "እኔ ነኝ የቀዳኋት፣ አልችልም" አለ። ገፋ አደረግኩትና የሦስቱንም ልጆች ድምፅ ራሴ አጠፋሁት። ስፒከሩንም ነቀልኩት። 

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ጭር ብሏል። ሦስታችንም ሥራ የያዝን እናስመስላለን እንጂ ጆሯችን የተነቀለው ስፒከር ላይ ነው። ከዚያ ስክሪኔ ላይ አንድ ስጦታ ገባ። ስሜ አይገለጽ። ቁጥሩን አየሁት፤ እሷ ናት። ምስጋናው በጽሑፍ ሄደ። ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። ስልኬ ጠራ።

"እህቴ" አለች። ድምፅዋ ተረጋግቷል፤ ያ ነው ያስፈራኝ። "ዛሬ ዝም አለች።"

"አዎ" አልኳት። 

ስልኩ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ገዢው መጥቷል። "እመቤት፣ መኪናዋን በገመድ አስሬያታለሁ፣ ላንሳት?" ይላል።  ትንፋሿን ብቻ እሰማለሁ፤ እንደ ልጇ አየሩን በአፏ ነው የምትስበው። ዘጋች እንዴ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልዘጋችም።

"ወንድሜ፣ ፍታው" አለችው። "አልሸጥም፣ ይቅርታ።"

ሰውየው አጉረመረመ። ገመዱ ሲጎተት ሰማሁ፤ ከዚያ ወደኔ ተመለሰች።

"ደክሟት ነው" አለችኝ። "በሉ እንግዲህ፣ እንዳትቀሰቅሷት።"