ሦስት ጊዜ የተተከሉት ጽዶች

ሰው በምርጫ ሰሞን ዛፍ መውደድ ይጀምራል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣው መንገድ ዳር የሴቶች ማኅበራችንን የችግኝ ጣቢያ ስጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ዘቢደር፣ ችግኞቹ እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዘንድሮ ግን ግንቦት እንደገባ ለምክር ቤት የሚወዳደሩ ሦስት ዕጩዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ በሬን አንኳኩ። ሦስቱም የፈለጉት ካሜራ ፊት ችግኝ መትከል ነው።

ያለኝ ሁለት መቶ የጽድ ችግኝ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ከቤቴ በላይ ቦረቦር አለ። ወደ ሰፈሩ ስገባ በአንድ እርምጃ የምሻገረው ነበር፤ አሁን ሰው ገብቶበት ቢቆም ባርኔጣው አይታይም። ዝናቡም ጠባዩ ተበላሽቷል። ወር ሙሉ ይጠፋና በአንድ ከሰዓት በኋላ የወሩን ሁሉ ይደፋዋል። አምና በነሐሴ ጎርፉ ማዕድ ቤቴን ከነድስቱ ጠርጎ ወሰደው። ድስቴን በሳምንቱ ታች ሰፈር አንዲት ሴትዮ ሽሮ ስትሠራበት አገኘኋት፤ አፈርኩና ሰላም ብያት አለፍኩ። ዘንድሮ ለጎርፉ የቀረው መኝታ ቤቴ ነው። ችግኞቹን ሁለት ዓመት ያሳደግኳቸው ሐምሌ ሲገባ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ልተክላቸው ነው፤ ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ማክሰኞ አቶ ጸሐዬ መጡ። የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለት ፒክአፕ፣ አንድ ሞንታርቦ፣ ፎቷቸው የታተመበት ሃምሳ ቲሸርት አስከትለዋል።

«አቶ ጸሐዬ፣ መሬቱ ደረቅ ነው። ሐምሌ ይምጡና እንትከል» አልኳቸው።

«ወይዘሮ ዘቢደር፣ ምርጫው እኮ ሰኔ ነው!» አሉኝ፣ የምርጫውን ቀን ያወጣሁት እኔ ይመስል።

እምቢ እንዳልል የማኅበራችን ሊቀመንበር «ሁሉንም እኩል አስተናግጂ፤ ለአንዱ ወግናችኋል እንዳንባል» ብላኛለች። እሺ እንዳልል ደግሞ ችግኞቼ በሦስት ቀን ይደርቃሉ። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። «ፕላስቲኩ አይወልቅም፤ ከነፕላስቲኩ ነው የሚተከለው። አዲስ አሠራር ነው» አልኳቸው። ከተማው ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ሜዳ ላይ ሁለት መቶ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ቀበሩና ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። አቧራቸው ሳይረጋ ጋሪዬን ገፍቼ ወጣሁ። አንድ በአንድ እየመዘዝኩ ወደ መደባቸው መለስኳቸውና ውኃ አጠጣኋቸው።

ሐሙስ ወይዘሪት ማዕዶት መጣች። ቀጠን ያለች ልጅ ናት፤ በአካባቢ ጥበቃ ማስተርስ አላት ተብሏል። ጉድጓድ ተቆፍሮ ስለጠበቃት ደስ አላት።

«እትዬ ዘቢደር፣ ፕላስቲኩ ባዮዲግሬደብል ነው አይደል?» አለችኝ።

«ነው፣ ልጄ» አልኳት። ቃሉን ባላውቀውም ምን ብዬ መመለስ እንዳለብኝ አላጣሁትም።

ቅዳሜ መምህር ፍቅረማርያም መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ በግል ነው የሚወዳደሩት። ፎቶ የሚያነሣቸው እንኳ የልጃቸው ባል ነበር። ወገባቸውን እያመማቸው አብዛኛውን በገዛ እጃቸው ተከሉ፤ አንጀቴን በሉት። ቢሆንም የእሳቸውንም እንደ ፊተኞቹ ማታውን ነቀልኩት።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድራችን አዳራሽ ክርክር ተዘጋጀ። መሪው የእድሩ ዳኛ ጋሼ ኃይለ መስቀል ናቸው፤ የክርክሩ ርዕስ የአካባቢ ጥበቃ። አቶ ጸሐዬ ተነሡና ከተመረጡ በየዓመቱ ስንት ሚሊዮን ችግኝ እንደሚያስተክሉ ተናገሩ። ቁጥሩ በየዐረፍተ ነገሩ እያደገ ሄዶ መጨረሻ ላይ የየካ መሬት በሙሉ የሚበቃው አልመሰለኝም። ማዕዶት ስለ ክላይሜት ሪዚሊየንስ አስረዳች፤ የእንጦጦን አየር ለፈረንጅ እንሸጠዋለን አለች። ከኋላ አንዱ «እኛስ ምን እንተንፍስ?» ሲላት ቻርት አሳየችው። መምህር ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ዛፍ ላይ ጣሉት። ውኃ የሚመጠው እሱ፣ ምንጭ የሚያደርቀው እሱ፤ ይነቀል አሉ። ጋሼ ኃይለ መስቀል ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «መምህር፣ ይቺ አዳራሽ ከማገር እስከ አግዳሚ ባሕር ዛፍ ናት። ንግግርዎን እስኪጨርሱ ትቆይ ይሆን?» አሏቸው።

ከዚያ ሦስቱም በተራ እዚሁ ከሰፈሩ በላይ ሁለት መቶ ጽድ መትከላቸውን ተናገሩ። ማዕዶት «በዘመናዊው ኢን-ባግ ዘዴ» ብላ ስትጨምርበት እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ።

«ታዲያ ቅርብ አይደል?» አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል። «ወጥተን እንየዋ!»

አዳራሹ ሙሉ ሰው ግልብጥ ብሎ ዳገቱን ወጣ። ሜዳው ላይ ሁለት መቶ ባዶ ጉድጓድ ተደርድሯል።

«ነቀሉብኝ!» ብለው ጮኹ አቶ ጸሐዬ። «ተቃዋሚዎቼ ችግኜን ነቀሉብኝ!»

«የእኔን ነው የነቀላችሁት!» አለች ማዕዶት።

«እኔ እኮ ትናንት ነው የተከልኩት፣ እዚሁ ነው» አሉ መምህር፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ በከዘራ እየፈለጉ።

ደጋፊዎች መገፋፋት ጀመሩ። የአንዱ ቲሸርት አንገቱ ድረስ ተተረተረና የአቶ ጸሐዬ ፎቶ ለሁለት ተከፈለ። ነገሩ ወደ ቡጢ ሲሄድ ሳይ ፈራሁ። ሰው በእኔ ምክንያት ጥርሱን ሊያጣ ነው።

«ችግኞቹ እኔ ዘንድ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «አልተሰረቁም። የማክሰኞዎቹም፣ የሐሙሶቹም፣ የቅዳሜዎቹም ያው እነዚያው ሁለት መቶዎቹ ናቸው።»

ዳገቱ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሽማግሌ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያልሳቁት አራት ሰዎች ነን፤ ሦስቱ ዕጩዎችና እኔ።

«ዘቢደር፣ አንቺን የመሰለች ሴት ሰው ታታልላለች?» አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል ኮስተር ብለው።

«አታለልኩ፣ ጋሼ። ዝናብ ሳይመጣ ከተተከሉ ይሞቱብኛል።»

«ቢሞቱስ? ሌላ ይመጣል። ለችግኝ ብለሽ ነው ሰው ልታደባድቢ የነበረው?»

በእጄ ወደ ታች አሳየኋቸው። ከቆምንበት ቦረቦሩ ይታያል፤ በቦረቦሩ ጫፍ የእኔ ቤት፣ ከሥሩ ደግሞ ሠላሳ የሚሆኑ ጎረቤቶቼ። የማዕድ ቤቴ ቦታ ባዶውን አፍጥጧል። «ሐምሌ ላይ እዚያ ልተክላቸው ነበር» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በማልቀሴ ተናደድኩ።

አቶ ጸሐዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲያው አሁኑኑ ሦስታችንም በጋራ እዚያው እንትከላቸው!» አሉ። ካሜራማናቸው ተንደርድሮ መጣ።

ይኼኔ ደሜ ፈላ። «ከእንግዲህ አንድም ሰው አይነካቸውም! ግንቦት ላይ ጽድ አይተከልም፤ ድንጋይ ግን ይደረደራል። ጎርፍ የሚያቆም የድንጋይ ክትር ሥሩልኝ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ከታች። እኔ ድምፄን የምሰጠው ዝናብ መጥቶ ክትሩ ላልፈረሰበት ነው።»

«እኔም!» አለ ከኋላዬ አንድ ጎረቤቴ። «እኔም!» «እኛም ቤት አራት ድምፅ አለ!» ከሠላሳው ቤት ያልጮኸ አልነበረም። ሦስቱ ዕጩዎች ቦረቦሩን አዩ፤ ከዚያም እርስ በርስ ተያዩ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ላይኛውን አቶ ጸሐዬ ያዙ። ድንጋይ በፒክአፕ አስመጥተው በሁለት ቀን ሰው የሚያክል ግንብ አቆሙና ፎቷቸውን ሰቀሉበት። መሐሉን የያዘችው ማዕዶት ስልኳ ላይ መመሪያ እያነበበች፣ በክር እየለካች ትደረድራለች። ታችኛው የመምህር ነው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ራሰ በራ ሆነው መጥተው በባሬላ ድንጋይ ይሸከሙላቸዋል። መምህሩ ዛሬም ያረፈደን ይቆጣሉ።

ሐሙስ ዕለት ማዕዶት ወደ ላይ ወጥታ የአቶ ጸሐዬን ክትር ሥሩን በብረት ነካ ነካ አደረገችው። ፊቷ ተለወጠ።

«አቶ ጸሐዬ፣ ፋውንዴሽን የለውም እኮ። እንዲሁ አፈሩ ላይ ነው ያስቀመጡት።»

«ታዲያ ቢፈርስ ላንቺ አይሻልሽም? ውድድር ላይ ነን» ብለው ሳቁባት።

«የእርስዎ ከፈረሰ ድንጋዩ በሙሉ የሚመጣው የእኔ ላይ ነው! የእኔ ደግሞ የመምህር ላይ!»

መምህር ከታች ሰምተው እየተነፈሱ ወጡ። «ሦስታችንም ከፈረስን፣ ጸሐዬ፣ ሰው ፎቶ ያለበትን ነው የሚያስታውሰው» አሏቸው። አቶ ጸሐዬ ፎቷቸውን አዩና ሳቃቸው ቆመ።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሦስቱ ከላይኛው ክትር ሥር አንድ ጉድጓድ ውስጥ መሠረት ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ደጋፊዎቻቸው እንዳያዩዋቸው ነው በማለዳ የመጡት። ክርክሩ ግን አልቆመም፤ እየቆፈሩ ስለ ሚሊዮን ችግኝና ስለ አየር ሽያጭ ይነታረካሉ። ክትሩን የሚደግፍ ችካል ሲያስፈልግ የተገኘው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። መምህር መዶሻውን ይዘው ትንሽ አመነቱ።

«እንዲህ ተቆርጦ ከተጋደመ ችግር የለውም» አሉና መምታት ጀመሩ።

«ሊመታ የሚገባው ቆሞ እኮ ነው» አለቻቸው ማዕዶት፣ ችካሉን ቀጥ አድርጋ እየያዘችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ የምወስድላቸው በአንድ ትሪ ነበር።

ዝናቡ የመጣው ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ጠቆረ፣ በረዶ ወረደ፣ ቀጥሎ ቦረቦሩ ማጓራት ጀመረ። በሬ ላይ ቆሜ ኪዳነ ምሕረትን እየተማጠንኩ ነበር። ቀዩ ውኃ መጣና የላይኛውን ክትር መታ። ክትሩ ውኃውን ያዘው፤ ውኃው ሞልቶ በመሐሉ ፈሰሰ። ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ያም ያዘ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ነበር። ግቢዬ የገባው ውኃ ቁርጭምጭሚቴን እንኳ ሳይሸፍን በመንገዱ በኩል ወረደ። የመኝታ ቤቴን ግድግዳ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር ተሰለፍኩ። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፤ አንድ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ አልወጣ ብሏል። በመጨረሻ ጋሼ ኃይለ መስቀል ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና ቀና ብለው ሳያዩኝ አለፉኝ።

ተራዬ ደረሰ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። እስክሪብቶውን ወደ አንዱ ሳስጠጋ ሌላው ያሳዝነኛል፤ ወደ ሌላው ስል የላይኛው ሳይኖር የታችኛው የት ይደርስ ነበር እላለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የምርጫ አስፈጻሚው ልጅ ከመጋረጃው ውጪ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ ችግር አለ?»

«አለ እንጂ» አልኩት። «ሦስቱም አልፈረሱም።»

ልጁ አልገባውም። ከኋላዬ ከሠላሳው ቤት የመጡት ጎረቤቶቼ ግን ሰምተውኛል፤ አንድም ሰው «ቶሎ በይ» አላለኝም።