ክሬም ወይስ ሰማያዊ

እኔ ክሬም አልኩ፤ ምንይችል ሰማያዊ። ለዳግም ትንሣኤ የምንጋባ ሰዎች፣ እሱ ቆሰበር ከተማ በሠራት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቆመን እንደ ባላጋራ ተፋጠጥን። ከሁለቱም ቀለም ትንሽ ትንሽ ግድግዳው ላይ ቀባና «ሲደርቅ እናወዳድረው» አለ።

«የቆሰበር ጭጋግ አልበቃ ብሎህ ቤት ውስጥም ልታስገባብኝ ነው? ክሬም ቤት ያበራል!»

«ሰርክአዲስ፣ ክሬም ጭስ ያሳያል። ወር ሳይሞላው ይጠቁራል።»

«እኔ የት ሄጄ! አጥበዋለሁ።»

«እሱን እናያለን» ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን አልተሸነፍኩም። ወገቤን ይዤ ስሞግተው፣ ቤቱን ሊያዩ ከአዘና የመጡት አክስቱ ወርቅአየሁ በሩ ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

«በስመአብ! ቁርጥ ሸጋን!» አሉ። «የአያቴ ታናሽ እህት ናት። ልጅ ሆኜ አውቃታለሁ፤ እንዲሁ ወገቧን ይዛ ነበር የምትሟገት። ከባሏ ተጣልታ ከነጋዴ ጋር ኮበለለች፤ በዚያው ቀረች።»

ክው አልኩ። «የእናቴ አያትም ስሟ ሸጋ ነበር» አልኩ ሳላስበው። አገሯን ለማንም ሳትናገር ዳንግላ ሞተች። ሽማግሌዎቹ ለጋብቻችን ዝምድና ሲቆጥሩ በእሷ በኩል «የሩቅ ሰው ናት» ተብሎ ታለፈ።

«የግራ እጇ ትንሿ ጣት ቆራጣ ነበረች?» አሉኝ።

እናቴ ስለዚያች ጣት ስንት ጊዜ አውርታልኛለች! ምነው በዋሸሁ። «አዎ» አልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። ለመጋባት ሰባት ቤት መራቅ ነበረብን፤ አራተኛው ላይ ተገናኘን። የጠፋ ዘመዳችን ተገኘ ብለው አቅፈው ሳሙኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ።

ምንይችል ብሩሹን እንደያዘ ወደ አክስቱ ተጠጋ። «ሌላ ሰው አልሰማም እኮ፤ አክስቴ፣ ዝም ቢሉስ?» አላቸው።

«እግዜርስ፣ ልጄ?»



ምንይችል ወደ ግድግዳው ዞሮ «ታዲያ የትኛውን ልቀባው?» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

«ሰማያዊህን ቀባ» አልኩት። «ለሌላ ሴት ክሬም ቀባላት ሲሉ ብሰማ ዕድሜ ልኬን አልምርህም!» ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሠርጉ ቀርቶ ዳንግላ ከተመለስኩ ወዲህ ሰዉ ሁሉ «ወንድም አገኘሽ እኮ፤ ተመስገን በይ» ይለኛል። እኔ ወንድም መች አጣሁ! የፈለግኩት እሱን ነው።