የንኪሩ ጎደሬ

የንሪ ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን አባታችንን ታሪክ ሲያወሩ እናትየዋን ዘለው ያልፋሉ። የኔ ደም የሚፈላው እዚያ ላይ ነው።

መንደራችን በስሙ የሚጠራው አባታችን ንሪ፣ ረሃብ ቢጠናበት ወደ ፈጣሪ ወደ ቹክዉ ጮኸ። ቹክዉም የበኩር ወንድ ልጅህንና የበኩር ሴት ልጅህን ገድለህ ቅበር አለው። ቀበራቸው። ከወንዱ ከኡዴ መቃብር ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር በቀለ፣ ከሴቷ ከንኪሩ መቃብር ደግሞ ጎደሬ። ሽማግሌዎቹ እዚህ ሲደርሱ ፊታቸው ይበራል።

እናታቸው አኩንማ ግን ከቀብሩ ወዲህ ከቅጠል በቀር የቀመሰችው የለም። ምርቱ ደርሶ መንደሩ በዘንባባ ዘይት እያጠቀሰ ሲበላ፣ እሷ የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ደጅ ተቀምጣለች። ጡቷ ደርቋል። ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ ትቷል።

ንሪ የተቀቀለ ቦዬ ቆርሶ ይዞላት መጣ።

«እንቺ፣ ብዪ እንጂ! አገር ሁሉ ጠግቦ አንቺ ብቻ ልትራቢ ነው?»

«አገሩ አልወለዳቸውም።»

«ቹክዉ ነው ያዘዘኝ፣ አንቺ ሴት!»

«አንተን አዘዘህ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ንሪ ቁራሹን እንደያዘ ፊቱን አዞረ፤ ሲያለቅስ ያየችው አሮጊት እናቱ ብቻ ነበረች። እሷም ወደ ምራቷ ቀርባ ሕፃኑን ዳሰሰችው።

«ልጄ፣ ለሞቱት አለቀስሽ፣ ደግ አደረግሽ። ይሄኛውን ግን ምን አድርጎሽ ነው የምትገድዪው?»

አኩንማ ሕፃኑን አየችው። ንኪሩ ነበረች የምታዝለው። ወንዝ ስትወርድ ሳይቀር ከጀርባዋ አታወርደውም፤ ሲያለቅስባት «ዝም በል አንተ ጩኸታም፣ እማዬ እኔን ነው የምትቆጣው» ትለው ነበር።

ተነሣችና ወንዶቹ የሴት ነው ብለው ንቀው ጥግ ከጣሉት ጎደሬ አንዱን አነሣች። ስትልጠው እጇን አሳከካት፣ ግን አላከከችውም። ቀቀለችው። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ጎረሰች።

«ንኪሩዬ» አለች፣ «ወንድምሽን አንዴ ደግሞ እዘዪልኝ።»

በማግስቱ ጡቷ አጋተ። ሕፃኑም ጠባ።

እኛ ሁላችን ከዚያ ሕፃን የወጣን ነን። በየዓመቱ አዲሱ ቦዬ ሲቆረስ ኡዴ በከበሮ ይወደሳል፣ ንኪሩን ግን ማንም አይጠራትም። እኔ ጎደሬ በላጥኩ ቁጥር ስሟን እጠራለሁ። ልጆቼ ይበላሉ፤ እኔ ግን እንባዬን እንዳያዩት ዞር እላለሁ።