ከወንድሜ ቀበቶ ያነሳሁት እርሳስ

«ያ ጉድጓድ እግር ይስባል» አለች ኤዶ ፋዱሞ፣ የአባቴ እህት። ጠዋትም ብላዋለች፤ ማታም ትለዋለች። ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋላ እስከ ከዚራ ይህን ወሬ ያላሰማችው ሰው የለም። የሚስበው ጂን ነው፤ ጂን ደግሞ ከብረት በቀር የሚፈራው ነገር የለም።

«ኤዶ፣ ጂኑ ምን ሥራ ቢያጣ ነው ውኃ ውስጥ ተቀምጦ የሰው እግር የሚጠብቀው?»

«አንቺማ ፈረንሣይኛ አነበብሽና አላህን የምትመክሪ መሰለሽ!»

ፈረንሣይኛውንም አማርኛውንም ማንም አላስተማረኝም። ሱቃችን ውስጥ ስኳር ከምንጠቀልልበት ጋዜጣ ለቃቅሜ ነው። የሚከራከረኝ ሰው ቢያንስ ስኳሩን ትቶ ወረቀቱን ያንብብ።

ነገሩ በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለ አንድ የብርቱካን አትክልት ቦታ፣ የውኃ ፓምፑ ጫፍ ተበጥሶ ኤዶ የምትለው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ዛፎቹ መድረቅ ሲጀምሩ ባለአትክልቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ በጠላቂነት የሚሠራውን ወንድሜን ሮብሌን ጫፉን እንዲያወጣለት አስጠራው። ሮብሌ በባቡር መጣ፤ የለመዳትን ትንሿን የአየር ሲሊንደር ግን አለቆቹ ወስደውበት ትልቅ ሰጥተውት ነበር።

በባሕር የለመደውን፣ ለመስመጥ የሚረዳውን የእርሳስ ቀበቶ እንዳለ ሊታጠቅ ሲል ያዝኩት።

«ትልቁ ሲሊንደር ራሱ ወደ ታች ይጎትታል፤ የትንሿን ያህል እርሳስ አይፈልግም። ውኃውም ጨው የለውም፤ እንደ ባሕር አያንሳፍፍህም።»

«አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ ደቻቱ ሲሞላ ዳር ቆመሽ የምትጮሂ ሰው ልታስተምሪኝ ነው?»

«ባልጮህልህ ኖሮ በጎርፉ ሄደህ ነበር፣ ወላሎ፣ ወንድሜ።»

ሳቀ። እሺ ያለውም ስለሳቀ ነው።

በአትክልቱ ገንዳ ሞከርነው። ሳምባውን ሞልቶ ዝም ሲል ውኃው ዓይኑ ላይ መቆም አለበት፤ አየሩን ሲያስወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ መስመጥ። ከቀበቶው አንድ እርሳስ አወጣሁ፤ አሁንም ሰመጠ። ሌላ አወጣሁ። ግንባሩ ብቅ አለ።

«በቃ» አልኩ። «ከጨነቀህ ቀበቶውን ፍታው። ውኃው ራሱ ያወጣሃል።»

ትልቁ ሲሊንደር በትንሿ ማንገቻ አልገባ ብሎ ስለነበር፣ ገንዳው ውስጥ በገመድ ጠፍረነው ነበር የሞከርነው። ማንገቻውንና ጀርባ ላይ የሚያርፈውን የሸራ ትራስ እንድታሰፋልን ለኤዶ ፋዱሞ ሰጠናት። የእሷን ስፌት የሚያህል በመጋላ የለም፤ በማግስቱ ስትመልሰው አንዲት ክር እንኳ አልተንጠለጠለችም።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲሊንደሩን ሲያዝል ሮብሌ ጎንበስ አለ። «ከበደኝ።»

«ትልቅ ነዋ» አልኩት።

ወረደ። ያሰርንለትን ገመድ አንዴ ሲስብ ደኅና ነኝ ማለት ነው፤ ደጋግሞ ሲስብ አውጡኝ። አንዴ ሳበ። እኔ በደረቴ ተኝቼ አረፋውን አያለሁ። ከታች የሚመጣው ቅዝቃዜ የድሬ ቅዝቃዜ አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል።

ገመዱ ላላ። ጎተትኩ፤ ቀለለኝ። ባዶውን መጣ። ከፓምፑ ቧንቧ ጋር ሲተበተብበት ራሱ ፈትቶት ነው።

«አረፋ ካለ ሰው አለ» አልኩ ጮክ ብዬ። ማንም አልጠየቀኝም።

አረፋው ሳሳ። አሁን ቀበቶውን ይፈታል አልኩ። አሁን ይወጣል። አሁን። አንድ ጎላ ያለ አረፋ ወጥቶ ፈነዳ፤ ከዚያ ውኃው ረጋና የገዛ ፊቴን አሳየኝ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልወደውም።

በሜንጦ ጎትተው ሲያወጡት ሲሊንደሩ እንደታዘለ ነው፤ ወገቡ ላይ ግን ቀበቶ አልነበረም። ፈትቶታል! የነገርኩትን አድርጓል። ታዲያ ለምን አልተንሳፈፈም? ዕቃውን በዚያው ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ መለሱት፤ እኔ ግን ያነሳሁትን እርሳስ በልቤ መልሼ መላልሼ መዘንኩት። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ልክ ከሆነ፣ እግሩን የያዘው ሌላ ነገር ነው።

ለቅሶ ቤቱ «እግር ይስባል» እያለ ሲያንሾካሹክ፣ እኔ በገንዳ አጠገብ ማለፍ ተውኩ። ስተኛ እግሬን አጥፌ እይዛለሁ።

ሰደቃው ወጥቶ ሰው ሲበተን ኤዶ ፋዱሞ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ብረቱ አነሰ» አለች።

«የቱ ብረት?»

«የጀርባው ትራስ ውስጥ፣ ከጥጡ ሥር የሰፋሁለት ነዋ። የሐዲድ ብረት ነው፤ ከጣቢያ ለምኜ ያመጣሁት። ጂኑ እንዳይነካው ብዬ እስኪጠብ ድረስ ሞልቼዋለሁ፣ ዋላሂ። ግን አነሰ።»