ከአሲድ የወጣው አጥንት

ለምርመራ የመጣልን የአንድ ቀለም ቀቢ አጥንት ቅዳሜና እሁድን ጠንካራ አሲድ ውስጥ ሰንብቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የከተተው አጎቴ ነው። ጠርሙሱን የመረጠውም፣ ናሙናውን ፍርፋሪ ሳያስቀር ሙሉውን የጨመረውም፣ ላቦራቶሪውን ቆልፎ የሄደውም እሱ ነው። ቁልፉን ለማንም አይሰጥም። የእናቴ ወንድም ነው፤ ሐኪሙም የላቦራቶሪው ባለቤትም እሱ ነው። እኔ ደግሞ ዲግሪዬን ይዤ ለእሱ የሰው ሥጋና አጥንት እየቆረጥኩ የማቀልም ባለሙያ ነኝ።

አጥንት እንዳለ አይቆረጥም። ለማይክሮስኮፕ የሚሆነው ቁራጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ መሆን አለበት፤ ምላጩ ደግሞ ካልሲየም ሲያጋጥመው ይሸረፋል። ስለዚህ አስቀድመን አሲድ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። አሲዱ ካልሲየሙን ሲያወጣው አጥንቱ እንደ ጆሮ ጫፍ ይታጠፋል፤ ያኔ በሰም አጽንተን እንቆርጠዋለን። ሁለት ዓይነት አሲድ አለን። አንዱ ቀርፋፋ ነው፤ ቀናት ይፈጅበታል። ሌላው በሰዓታት ውስጥ ይጨርሳል፤ ጠባቂ ካጣ ግን ካልሲየሙን ጨርሶ ወደ ሕዋሶቹ ይዞራል። አጎቴ በፈጣኑ ሲሠራ አጥንቱን በመርፌ እየወጋ ይፈትነዋል፤ መርፌው ሳይንኮሻኮሽ ከገባለት ያወጣዋል። ዘዴው መጥፎ አይደለም፣ መርፌውን የሚይዝ ሰው እዚያው ካለ።

አርብ ከሰዓት እኔ አንዷን ቁራጭ አስቀርቼ ሌላውን ያስቀመጥኩት ቀርፋፋው ውስጥ ነበር። ወዲያው የቀለም ቀቢው ቀዶ ሐኪም ደወለና የማክሰኞ የቀዶ ጥገና ተራ እንዳገኘለት ተናገረ። አጎቴም «ውጤቱ ሰኞ እጅህ ይገባል» ብሎ ቃሉን ሰጠ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ያስቀረሁትንም ጨምሮ አጥንቱን ሁሉ ወደ ፈጣኑ አዛወረው። ይህን የነገረኝ ሰኞ ጠዋት ኮቱን እየሰቀለ ነው፤ ሥራ እንዳቃለለልኝ ሁሉ።

ቆረጥኩት፣ አቀለምኩት፣ አየሁት። ሮዝ ብቻ ነበር፤ ሰማያዊ የለም።

ጤነኛ አጥንት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሥርዓት አለው። መሃል ላይ ደም ስር የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያውን ቀለበት በቀለበት የተደረበ አጥንት ነው። በቀለበቶቹ መካከል ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱ አንድ ሕዋስ ይኖራል። ሕዋሶቹም ከፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ምግብ ይቀባበላሉ። ልም አጥንት፣ ያ መገጣጠሚያችንን የሚያለብሰው ነጭ ነገር፣ ከዚህ ይለያል። መስታወት ይመስላል። ሕዋሶቹ በየከረጢታቸው ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ። ሸክም ሲያርፍበት ይጨመቅና ይመለሳል፤ መገጣጠሚያውም ሳይፋጭ ይንሸራተታል። ደም ስር ግን የለውም፤ ምግቡ ሰርጎ ነው የሚደርሰው። ለዚህም ነው አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ የማይድነው።

ከቀለም ቀቢው ጉልበት በላይ፣ በጭኑ አጥንት ውስጥ የበቀለው ዕጢ ልም አጥንት እየሠራ ነበር። ይህንን ራጁም ይናገራል። ራጁ የማይናገረው የሕዋሶቹን ጠባይ ነው። አስኳሎቻቸው ትንንሽና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ከሆኑ ዕጢው ይፋቅና ሰውየው ወደ መሰላሉ ይመለሳል። ገዝፈው፣ ቅርጻቸው ተዛብቶ፣ አልፎ ተርፎም ያልጠና ጥሬ አጥንት እየሠሩ ከሆነ ካንሰር ነው፤ እግሩ ይቆረጣል። አስኳሎቹ ቀለሙን ሲይዙ ሰማያዊ ነጥብ ይሆናሉ፤ መልሱ ያለው እነዚያ ላይ ነው። ጉድጓዶቹን አየኋቸው፣ ከረጢቶቹን አየኋቸው፣ ሕዋሶቹም እንደ ጥላ ይታያሉ። ሰማያዊ ነጥብ የሚባል ነገር ግን የለም። ሌላ ቁራጭ ቆርጬ ሰማያዊው ቀለም ውስጥ አቆየሁት። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ናሙና ሞቷል» አልኩት።

«ድሮስ በሕይወት ነበር እንዴ?»

«አስኳል የለውም። ና እየው።»

መጥቶ ተቀመጠ። ሌንሱን አዟዟረ፣ ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ገፋ።

«ቀለሙ ቀጥኖብሽ ነው።»

«ሁለቴ አቅልሜዋለሁ።»

«ሦስተኛ አቅልሚዋ። ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማረሽ?»

«አንዷን ቁራጭ አስቀሩ ብሎ አስተምሮኛል።»

ራጁን ከፖስታው አውጥቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋው። «ይሄ ክፉ ነው» አለ። «ዳር ዳሩን ተመልከቺ፣ ተበልቷል።»

«አርብ ዳሩ ጥርት ያለ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«አርብ መነጽር አላደረግኩም።»

«አሁንም አላደረግክም።»

መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። ራጁን ግን ደግሞ አላየውም።

«ካንሰር ነው ብለህ ልትጽፍ ነው?»

«ክፉ ነው ብዬ ብሳሳት ሰውየው በሕይወት ይኖራል። ደህና ነው ብዬ ብሳሳት ይሞታል። ይቺን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።»

«እግሩን ይቆርጡታል፣ ጋሼ።»

«ስንቱ ሰው በአንድ እግር ይኖር የለም?»

«ቀለም ቀቢ ነው። መሰላል ላይ ነው የሚውለው።»

«ሌላ ሥራ ይማራላ።»

«ወይም ለቀዶ ሐኪሙ ትደውልለታለህ። ናሙናው ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጣ ትለዋለህ። አለቀ።»

«እኔ ናሙና አበላሽቼ አላውቅም» አለ፤ ስላይዱ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ። «ይሄ ቤት በምን የቆመ ይመስልሻል? በግድግዳው? በእኔ ቃል ነው የቆመው። አንቺንም ያሳደገሽ ይኸው ቃል ነው።»

«አሳድገኸኛል። አጥንቱ ግን የእኔ አይደለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከጉልበትሽ ቀድሟል» አለና ራጁን ይዞ ለመጻፍ ወደ ቢሮው ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። ውጭ ብቀር ኖሮ በሩን ይቆልፍብኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ሳይቀመጥ በሩ ተንኳኳ። የቀለም ቀቢው ታላቅ እህት ናት፤ ወንድሟን በክንዱ ደግፋ ቆማለች። ጠዋት በሩን ከከፈትንበት ጊዜ ጀምሮ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀለም ቀቢው ወጣት ነው። ጫማው ላይ የብዙ ሰው ግድግዳ ተንጠባጥቧል።

«ዶክተር፣ እግሬ ምን አለ?» አለ እየሳቀ። «ምስጢሬን አወጣው?»

«ቁጭ በል። ውጤቱን ለሐኪምህ እንልካለን፣ እሱ ይነግርሃል።»

«ለእኛም ይንገሩን እንጂ አባቴ» አለች እህቱ። «ነገ ቢላ ሥር የሚተኛው ሐኪሙ አይደለም።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ አይደለም» አለ። «ግን ሕይወትህ ይተርፋል።»

ልጁ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ቁልቁል እግሩን አየው፤ ሰው አደራ የሰጠውን ዕቃ እንደሚያይ። እህቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ጥሩ ይሁን መጥፎ አናውቅም» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ፊት አጎቴን ዶክተር ነው የምለው። «የተወሰደው አጥንት አሲድ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ተበላሽቷል። ካንሰር ይሁን አይሁን ከእሱ ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ዶክተርም ጭምር። ሌላ ናሙና መወሰድ አለበት።»

«አዲስ ናት» አለ አጎቴ። «ገና ዓይኗ አልተገራም።»

ልጁ እኔን ትቶ እሱን ተመለከተ። «እውነቷን ነው?»

«ራጁ ላይ እንደሚታየው ከሆነ...»

«ስለ ራጁ አልጠየቅኩዎትም።»

አጎቴ ብዕሩን ከፈተው፣ ዘጋው። ለልጁ ይህ በቂው ነበር።

«ሌላ ናሙና ማለት እንደገና መሰርሰር ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እዚያው ቦታ?»

«እዚያው አጠገብ።»

«ማደንዘዣው አጥንቱ ጋ አይደርስም እኮ። ታውቂያለሽ? ነግረውሻል? ሁለት ሰው ነው የያዘኝ። ታዲያ ያን ሁሉ የጮህኩት ለምን ነበር?»

እህቱ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እኛ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ በር ላይ ነን» አለች። አልጮኸችም። ቁራጩን ደግሜ እያቀለምኩ ነበር፣ ከአጎቴ ጋር እየተከራከርኩ ነበር ልላት እችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ለእሷ ምንም አይፈይዱላትም።

«በቃ ሌላ ቦታ እንሄዳለን» አለችው ወንድሟን።

«ሌላ ቦታ አሲድ የላቸውም?» አለ። «እዚህ አንዱ ሳያይ እግሬን ይቆርጣል፣ አንዷ አይታ ስታበቃ እንደገና ብሱት ትላለች። እኔ ግድግዳ ስቀባ ቢላጥብኝ በራሴ ቀለም፣ በራሴ ጉልበት ደግሜ እቀባለሁ። እናንተ የምትደግሙት በእኔ እግር ነው።»

«ካንሰር ከሆነ አይጠብቅህም» አልኩት። «በቶሎ ካልታየ ወደ ሳንባ ይሄዳል። እኛን ተወን፣ ግን የሆነ ቦታ ሄደህ ታይ።»

«ባለፈውም እንዲህ ብለው ነው የሰረሰሩኝ» አለ። ልክ ነበር፤ እንደዚያ ነው የምንለው።

ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳና ራጁን ከአጎቴ ክርን ሥር ሳበው። አጎቴ ክንዱን አነሳለት።

«በሞቴ ተቀመጥ» አለች እህቱ። «እስቲ ለቀዶ ሐኪሙ ይደውሉለት፣ እንነጋገር።»

«አትሙቺብኝ። ተነሺ።»

«ነገ እኮ ተራህ ነው።»

«ለሌላ ይስጡት። እግሩን የሚሰጥ አይጠፋም።»

እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ። እህቱ መጀመሪያ አጎቴን፣ ቀጥላ እኔን አየችን። ከሁለታችን የቱ እንደሚብስ መምረጥ ያቃታት መሰለኝ። ከዚያ ቀድማው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። እሱ ደፉ ጋ ቆሞ ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቃት። ሊመለስ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ደስ አለሽ?» አለኝ አጎቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ በሕይወት ላስቀረው ነበር። አንቺ ካንሰሩን አሸክመሽ ሰደድሽው።»

«ካንሰር መሆኑን አታውቅም።»

«አንቺስ አለመሆኑን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ማናችንም አናውቅም፤ ሊነግረን የሚችለው ነገር በአሲዱ ተበልቷል።

ቀለም ቀቢው ራጁን ብብቱ ሥር አደረገ፣ የታመመውን እግሩን በእጁ አንስቶ ደፉን አሻገረው፣ እጀታውን ያዘና ወደ ውስጥ ሳያይ በሩን ዘጋው።