ላሞች ያልዞሩበት ሣር

ሰው ለክፋት ብሎ ከሠራው ክፋት ይልቅ ለበጎ ነገር ብሎ የሠራው ክፋት ኅሊናውን አብልጦ ይፈጀዋል፤ ክፉን በክፋት የሠራ በደሉን በስሙ ጠርቶ ሊያለቅስበት ይቻለዋልና፣ ለበጎ ብሎ የበደለ ግን ሊያለቅስ በተነሣ ቁጥር ያው በጎነቱ እንደ ጠበቃ ፊት ለፊቱ ቆሞ እንባውን ይከለክለዋል። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምልህ ልሰብክህ አይደለም፤ ለስብከት ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል፣ እነርሱም ቢሆኑ ከበቂ በላይ ሰብከውሃል። የሰንበሌጥ አምባ የሣር አባት የነበረው ባላምባራስ እንግዳወርቅ ያገኘውን ላወጋህ ብቻ ነው።

ሰንበሌጥ አምባ ከላይ ውርጭ የሚወርድባት፣ ከታች ጥድና ኮሶ የሚያጥራት ሰፊና ክብርት የደጋ ሜዳ ናት። አበው ይህችን ምድር ከማረሻና ከመጥረቢያ ከልክለው፣ ሣሯን ለቤት ክዳን፣ ጥላዋን ለአጋዘንና ለድኩላ፣ አደኗን ለአገር ገዢ ወስነው ሲያበቁ፣ ጠባቂዋን «የሣር አባት» ብለው ሰየሙት፤ ሹመቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። ያረጀ ሣር ካልነደደ ለምለም አይበቅልም፣ ለምለም ካልበቀለም ቀንዳሙ አጋዘን ከጫካው ወጥቶ ለአዳኝ አይታይም፤ ስለዚህ በበልግ ዋዜማ ሜዳውን በእሳት ማደስ የሣር አባት ዋና ተግባር ነበረ። ነገር ግን እንስቲቱ አጋዘን ግልገሏን የምትሸሽገው በዚያው ባረጀው ሣር ውስጥ ነው። ግልገሉንም ከእናቱ ጥሪ በቀር ከተኛበት የሚያስነሣው የለም፤ ሰው ቢመጣ፣ ውሻ ቢጮኽ፣ እሳትም ቢቀርብ ጸጥ ብሎ መተኛትን ፈጣሪ አስተምሮታልና። አበው ይህን አይተው ሥርዓት ሠሩ። እሳት ከመለቀቁ አስቀድሞ የወለዱ ላሞች ከጥጆቻቸው ተለይተው ብዙ ቀን በሣሩ ውስጥ ይዞራሉ፤ ላሞቹ እምቧ እያሉ ጥጆቻቸውን ሲጣሩ፣ የአጋዘን እናቶች በመንጋው ኮቴና ጩኸት ተሸብረው ግልገሎቻቸውን እየመሩ ወደ ጫካው ያሸሻሉ። ይህ የላም ዙር ይባላል። አደን በሚከፈትበት ቀን ደግሞ፣ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ፣ የሣር አባቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መስቀል ጨብጦ «እናትን ከልጅዋ አልለየሁም፤ ላም ያልዞረበትን ሣር አላቃጠልሁም» ብሎ ይምል ነበር።

ባላምባራስ እንግዳወርቅ ይህን መሐላ አባቱ ሲምል እየሰማ ያደገ፣ ራሱም በንጹሕ ልብና በቀና አንደበት ሲምል የኖረ ሰው ነበረ። በኋላ ግን ደጃዝማች ዘውገ የሚባሉ አዲስ ገዢ ወደ አገሩ ተሾሙ። ከእሳቸውም ጋራ መሬት የናፈቃቸው፣ ሜዳ ባዩ ቁጥር ምራቃቸውን የሚውጡ ጭፍሮች መጡ። «ይህን ያህል ምድር ለቀንድ አውሬ መተው ምን የሚሉት ቸርነት ነው?» እያሉ ጌታቸውን ቢነዘንዙ፣ ደጃዝማችም በሁዳዴ መካከል የሣር አባቱን አስጠሩና እንዲህ አሉት፦ «ባላምባራስ፣ ከፋሲካ በኋላ የከበሩ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። ለዓይን የሚሞላ ቀንዳም አጋዘን ካሳየኸኝ ምድሪቱ ለልጅ ልጅ የተከለከለች ትሁን ብዬ አዋጅ አስነግራለሁ። ካላሳየኸኝ ግን ለጭፍሮቼ መድቤ አሳርሳታለሁ።» እርሱም እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያች ዕለት ወዲህ በሰንበሌጥ አምባ ላይ ማረሻ ሲሄድ በሕልሙ እያየ የሚባንን ሆነ።

የሁዳዴው መጨረሻ ሲቃረብ ደመና ያለ ልማዱ ቀድሞ በተራራው ላይ ተቀመጠ። ባላምባራስ እንግዳወርቅም ችቦ አስይዞ ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ ላሞቻቸው ከጥንት ጀምሮ ዙሩን የሚዞሩት ባለጸጋይቱ መበለት፣ እመት ወርቅያንጥፉ፣ መንጋቸውን እየነዱ ከመንገድ ላይ አገኙት።

«ባላምባራስ፣ ላሞቹ ገና መዞር ሳይጀምሩ ችቦ አስይዘው ወዴት ነው?» አሉት።

«እመት፣ ደመናውን አያዩትም? ነገ ቢዘንብ ሣሩ አይነድ። ሣሩ ካልነደደ ለምለም የለ፣ ለምለም ከሌለ አጋዘን አይወጣ፣ አጋዘን ካልወጣ ምድሪቱ ሄደች! ዘንድሮን ብቻ ይለፉኝ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እርስዎ የሚያፈሱት ግን የሚለቀም ነው?»

እርሱ ግን ችቦ ያዦቹን አስከትሎ አለፈ። እሳቸውም ጥቂት ቆመው ሜዳውን፣ ቀጥሎም ደመናውን ተመለከቱና፣ ላሞቻቸውን መልሰው ወደ ቤታቸው ነዱ፤ እርሳቸውም ያችን ምድር ይወዷት ነበርና ዝም አሉ።

እሳቱ ነደደ። ያማረ እሳት ነበር፤ ነፋሱ ታዘዘው፣ ሣሩ ተቀበለው፣ ከጫካው ዳር ሲደርስም እንደ ልማዱ ቆመ። የሣር አባቱም ምናልባት ዘንድሮ እናቶቹ ዘግይተው ይወልዱ ይሆናል፣ ምናልባት የጭሱን ሽታ ቀድመው አውቀው ሸሽተው ይሆናል እያለ ራሱን ሲያባብል ዋለ፤ ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሣ ዘመድም ጠላትም የማይሰጠውን ምክንያት ያገኛል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አመዱ ሲበርድ ብቻውን ገባበት፤ አገኛቸውም። አንዱም አልሸሸም ነበር። ሁሉም እግሮቻቸውን ከሆዳቸው በታች አጥፈው፣ አንገታቸውን በመሬት ላይ ዘርግተው፣ እናቶቻቸው እንዳስተኟቸው ተኝተው ነበር። ሎሌዎቹ እንዳያዩበት ፈርቶ በገዛ እጁ መሬት እየቆፈረ ቀበራቸው፤ ቀና ባለ ጊዜም እናቶቹ ጡታቸው ተወጥሮ ከጫካው ዳር ቆመው አመዱን ሲመለከቱ አየ። እርሱን ቢያዩም አልሸሹም። ያን ጊዜ አፈረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ደመናው ቃሉን ጠበቀ፣ ዝናሙም ወረደ፣ ከአመዱም ላይ ዓይን የሚያጠግብ ለምለም ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ደጃዝማች ዘውገ ከነእንግዶቻቸው ሲደርሱ፣ ጠምዛዛ ቀንዳቸውን እንደ ዘውድ የተሸከሙ አጋዘኖች በሜዳው ላይ በግልጥ ይግጡ ነበር። ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰበሰበ፤ የደብሩ ቄስ መምሬ ዘድንግል መስቀላቸውን ዘረጉ። ባላምባራስ እንግዳወርቅም መስቀሉን ጨበጠ። እውነቱን ቢናገር አደኑ ይቀራል፣ አደኑ ቢቀር ምድሪቱ ትታረሳለች፣ በየዓመቱ የሚወለዱት ሁሉ ማደሪያ ያጣሉ፤ ቢዋሽ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነው፤ እንዲህ መሰለው። ዓይኑ በሕዝቡ መካከል ከእመት ወርቅያንጥፉ ዓይን ጋራ ተገናኘ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እናትን ከልጅዋ አልለየሁም፤ ላም ያልዞረበትን ሣር አላቃጠልሁም» ብሎ ማለ። አደኑ ሠመረ፣ እንግዶቹ ተደሰቱ፣ አዋጁም በነጋሪት ታወጀ፤ ለሣር አባቱም ካባ ተደረበለት። አገሩ ሁሉ «ምድራችንን ያዳነ» እያለ አመሰገነው። ምስጋናውን በሰማ ቁጥር ጭስ ጭስ ይሸተው ነበር።

ዓመታት አለፉ። የላም ዙር ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልታጎለም፤ ባላምባራስ እንግዳወርቅ ከእረኞች ጋራ ራሱ እየዞረ እምቧታውን ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ያንን መስቀል መሳለም አልሆነለትም፤ መምሬ ዘድንግል በመጡበት መንገድ ላለመሄድ ዳገት ይዞር ጀመር። ቄሱ አንድ ቀን ከዳገቱ በላይ ቀድመው ጠበቁት። እርሱም በዚያው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገራቸውና ሲያበቃ «ይፍቱኝ፣ አባቴ» አላቸው።

መምሬ ዘድንግልም «በሐሰት ለማልህለት ሰው እውነቱን ሳትነግር እንዴት እፈታሃለሁ?» አሉት።

«አዋጁን ቢሽሩትስ? ምድሪቱ ብትታረስስ?»

«ልጄ፣ ያን ጊዜም በዚሁ ፍርሃት ነው የወደቅኸው።»

ስለዚህ ካባውን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ወደ ደጃዝማች ግቢ ሄደ፤ ሹመቱን ሊያጣ፣ ምናልባትም ይህን ሁሉ የሆነላትን ምድር በገዛ አፉ ሊያሳርሳት ቆርጦ ነበር። ደጃዝማች ዘውገ አርጅተው ነበር፤ እርሱም ተንበርክኮ ቃል በቃል ነግሮ እስኪጨርስ ድረስ በጽሞና አዳመጡት። ከዚያም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ይህም ባሰበት።

«ሰው የገደልህ መስሎኝ ስደነግጥ!» አሉት። «ለግልገል ነው እንዲህ የከሳኸው? ምሬሃለሁ፣ ተነሣ። ምድሪቱም እንደ ተከለከለች ትኑር፤ ካባህንም ልበስ፣ ብርድ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ያ ሰው ሊሸከመው የሄደውን ፍርድ ሁሉ ተከለከለ። ምድሪቱ ተረፈች፣ ሹመቱ ጸና፣ ንስሐውም ተፈጸመ፤ እርሱ ግን ከግቢው ሲወጣ ከገባበት ጊዜ ይልቅ ጎብጦ ነበር። ሰንበሌጥ አምባ ሲደርስ የበልግ ዋዜማ ነበርና እመት ወርቅያንጥፉ በምርኩዝ እየተራመዱ ላሞቻቸውን በሣሩ ውስጥ ያዞሩ ነበር። የት ሄዶ እንደ ነበረ አጣጥፎ በክንዱ ከያዘው ካባ አስተዋሉ።

«ማሩዎት?» አሉት።

«ማሩኝ፣ እመት።»

አሮጊቲቱ በምርኩዛቸው ወደ ጫካው ዳር አመለከቱ። አንዲት እንስት አጋዘን ከላሞቹ ጩኸት ፊት ፊት እየሄደች፣ ቆም እያለች ወደ ኋላዋም እየተመለከተች፣ ግልገሏን ወደ ጥላው ታስገባ ነበር።

«እነዚህስ?» አሉት፤ ቀጥለውም «እኔም ያን ቀን ነጠላዬን የሳብሁት ፀሐይ በዝቶብኝ አልነበረም» ብለው ላሞቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

ባላምባራስ እንግዳወርቅም ግልገሉ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ በሣሩ መካከል ቆሞ ቀረ፤ አንደበት የሌለውን የበደለ ሰው «ምሬሃለሁ» የሚለውን ቃል ከዓለም ሁሉ አፍ ቢሰማው እንኳ ከሚሻው አፍ ሳይሰማው ይሞታልና።